«ሙሴ» የማን ስም ነው? በጨርጨር የፈረንሳዊ አያትን የዘር ሐረግ ስለ መከታተል

1. መነሻ

በአገራችን ስለ ሰው ስም የተጻፉትን ጥናቶች ብንመለከት አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በስሙ ትርጓሜ ላይ ነው። ስሙ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በምን አጋጣሚ እንደ ወጣ፣ የወላጆችን ምኞት ወይም ቁጭት እንዴት እንደሚገልጽ ይተነተናል። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም ስም ከትርጓሜው ሌላ የሚሠራው ሥራ አለው፤ ይኸውም ሰውን ከቀደሙት ሰዎች ጋር ማያያዝ ነው። ማያያዣው ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት የተለያዩ ማያያዣዎች በአንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚጠፋ መመርመር ነው።

ወደ ጉዳዩ ያመጣኝ አንድ የመሰላ ወዳጄ ነው። የእናቱ እናት፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ ወደ ሚኤሶ መጥቶ የነበረ የአንድ ፈረንሳዊ ልጅ እንደ ነበሩ በቤተሰቡ ይነገራል። ከሰውየው የቀረ ወረቀትም ሆነ ፎቶግራፍ የለም። የቀረው አያቱ በሕይወት ሳሉ ጎረቤት ይጠራቸው የነበረበት «የሙሴ ልጅ» የሚለው አጠራር ብቻ ነው። በመታወቂያቸው ላይ በአባት ስምነት የተጻፈው ግን እናታቸውን ኋላ ያገባውና እሳቸውን ያሳደገው የአገር ሰው ስም ነው። ወዳጄ «የቅድመ አያቴን ስም ፈልግልኝ» ሲለኝ ነገሩ ቀላል መስሎት ነበር፤ ፈረንሳዮች ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሕዝብ ናቸውና። እኔ ደግሞ አስቸጋሪ የሚያደርገው ይኸው የስም ልማድ ልዩነት ነው እላለሁ። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» የተባለው በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

2. በጨርጨር ያለፉና የቆዩ ፈረንሳዮች

ኢትዮጵያ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሆና አታውቅም። ስለሆነም «የቅኝ ግዛት ዘመን ፈረንሳዊ አያት» ማለት በእኛ አገር ትርጉሙ የተወሰነ ነው፤ በአብዛኛው ከጎረቤት ግዛት፣ ከጅቡቲ በኩል የመጣ ሰው ማለት ነው። ፈረንሳይ በ1862 እ.ኤ.አ. ኦቦክን በውል ያዘች። ቀጥላ ጅቡቲን የግዛቲቱ ዋና ከተማ አደረገች። ግዛቲቱ ነጻ የወጣችው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ ዘመን ሁሉ ነጋዴው፣ ሚሲዮናዊውና መሐንዲሱ ከወደቡ እየተነሣ በሐረርጌ ምድር ይመላለስ ነበር።

መጀመሪያ የሚመላለሱት በደጋው መንገድ ነው። ንጉሥ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ባለቅኔው አርቱር ራምቦና አሳሹ ጁል ቦሬሊ ከእንጦጦ ተነሥተው በኢቱ ኦሮሞ አገር በኩል ጨርጨርን አቋርጠው ሐረር ገብተዋል። ራምቦ ለቀድሞ አሠሪው ለአልፍሬድ ባርዴ በጻፈው ደብዳቤ ሂርናንና ጨለንቆን ጨምሮ የመንገዱን ማረፊያዎች ተራ በተራ ዘርዝሯል። ለዘር ሐረግ ተመራማሪ ግን እንዲህ ያለው የጉዞ ዝርዝር ብዙ አይጠቅምም፤ የሚቈጥረው ቦታን እንጂ ያሳደረን ባለቤት አይደለምና።

ሁለተኞቹ የካፑቺን ማኅበር መነኮሳት ናቸው። ሐረርን ማዕከል ያደረገው ሚሲዮን መጀመሪያ በአቡነ ቶረን ካኛ፣ ከ1892 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአቡነ አንድሬ ዣሮሶ ይመራ ነበር። ዣሮሶን የአገሩ ሰው «አባ እንድርያስ» ይላቸዋል። በዚሁ ዘመን በሐረር የነበሩት ሐኪም ዶክተር ጆሴፍ ቪታሊየን ደግሞ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ከነበረችው ከጓዴሎፕ ደሴት የመጡ ሰው ናቸው። ለወጣቱ ተፈሪ መኰንን ፈረንሳይኛ ካስተማሩት አንዱ ነበሩ።

ሦስተኞቹና በቍጥር የበዙት በባቡሩ ምክንያት የመጡት ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግና ለሌዎን ሼፍኔ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ሥራው በአፍደም፣ በሚኤሶ፣ በአሰቦትና በአዋሽ ቈላ አልፏል። ከደጋው ከተሞች ወደ ባቡር የሚወርደው ሰው ሚኤሶ ላይ ይሳፈር ስለ ነበር፣ የጭሮና የአካባቢዋ ሕዝብ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ጋር በቅርብ የተዋወቀው በዚህ ጣቢያ ነው። የመሰላው ወዳጄ ቅድመ አያትም የሚፈለገው በዚህ በሦስተኛው ወገን ውስጥ ነው።

3. ሁለቱ የስም ሥርዓቶች

የፈረንሳይ ስም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በጥምቀት ወይም በልደት የሚሰጥ የግል ስም ነው፤ ሁለተኛው ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም ነው። ይህ ሥርዓት በመዝገብ የጸና ነው። በ1539 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪሌር ኮትሬ ድንጋጌ ቄሶች የጥምቀት መዝገብ እንዲይዙ አዘዘ፤ በ1792 እ.ኤ.አ. አብዮቱ መዝገቡን ከቤተ ክርስቲያን ወስዶ ለመንግሥት ሰጠው፤ በ1794 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ማንም ሰው በልደት መዝገቡ ላይ ካለው ስም ሌላ እንዳይሸከም ከለከለ። ከ1803 እ.ኤ.አ. እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ የግል ስም እንኳ ከቅዱሳን አቈጣጠርና ከጥንት ታሪክ ውጪ እንዳይወጣ በሕግ የተወሰነ ነበር። በውጤቱ የግል ስሞች ጥቂት፣ ባለቤታቸውም ብዙ ሆነ፤ ሉዊና ፒየር በየመንደሩ ሞሉ። አንዱን ሉዊ ከሌላው የሚለየው የቤተሰቡ ስም ነው።

ሥርዓቱ ሁልጊዜ እንዲህ ጥብቅ አልነበረም። ፈረንሳዮች በ17ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አሜሪካ በመሠረቱት ግዛት፣ በዛሬው ካናዳ፣ ወታደሮች ከቤተሰባቸው ስም ሌላ የጦር ስም ነበራቸው። «እንዲህ የሚባለው» በሚል ቃል ከቤተሰቡ ስም ጋር ይያያዛል፤ «አበባው» እንደ ማለት ያለ ቅጽል ነው። ነገሩ የእኛን የፈረስ ስም ያስታውሰናል፤ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ መኰንን «አባ ቃኘው» እንደ ተባሉት ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የካናዳው የጦር ስም ከጊዜ በኋላ ወደ ልጅ ተላልፎ የቤተሰብ ስም ሆነ፤ አንዳንዱ ወንድም የቀድሞውን፣ አንዳንዱ የጦሩን ስም ይዞ ስለ ቀረ ዛሬ የአንድ አባት ዘሮች በሁለት ስም ይጠራሉ። የእኛ የፈረስ ስም ግን ከባለቤቱ አያልፍም። ልጅ የአባቱን ፈረስ ሊወርስ ይችላል፤ የፈረስ ስሙን አይወርስም።

የኢትዮጵያ ስም የሚያያይዘው በሌላ መንገድ ነው። ሰው የራሱ ስም አለው፤ ቀጥሎ የአባቱ የግል ስም ይከተላል፤ ሲያስፈልግ የአያቱ ይጨመራል። በየትውልዱ አንድ ስም ከፊት ይገባል፣ አንድ ከኋላ ይወጣል። በጨርጨር አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ ይስማማል። ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም።

ሁለቱ ሥርዓቶች እንዴት እንደሚጣረሱ ከጨርጨር ታሪክ በታወቀ ምሳሌ ላሳይ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ጨርጨርን ያስተዳደሩትና አሰበ ተፈሪን የቈረቈሩት፣ «ፋቡላ» የተባለው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ተውኔት ደራሲ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ልጃቸው «አርአያ» የተባለውን፣ ባለታሪኩ ለትምህርት ፈረንሳይ የሚሄድበትን ልብ ወለድ በ1941 ዓ.ም. ያሳተሙት ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ናቸው። የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚያነብ የፈረንሳይ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አባትየውን «ተክለ ማርያም»፣ ልጅየውን «ተክለ ሐዋርያት» በሚል ርእስ ሥር ቢያስቀምጣቸው፣ አባትና ልጅ የሁለት ቤተሰብ ሰዎች ይሆናሉ። ጥምሩን ስም ከፍሎ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ከወሰደ ደግሞ አንዱ «ማርያም»፣ ሌላው «ሐዋርያት» ይባላሉ። ተክለ ሐዋርያት በ1935 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ በሚገኘው የመንግሥታት ማኅበር ስለ አገራቸው ሲከራከሩ በማኅበሩ ሰነዶች ላይ «ሙሲዮ ተክለ ሐዋርያት» ተብለዋል። የግል ስማቸው በፈረንሳይኛ የክብር መጠሪያ ሥር ሲገባ የቤተሰብ ስም መስሎ ታየ። ከዚህ ተገላቢጦሹ ደግሞ በሚኤሶ ሆኗል።

4. «ሙሴ»

ፈረንሳይኛው «ሙሲዮ» በእኛ አፍ «ሙሴ» ሆነ። በምኒልክ ዘመን «ሙሴ ኢልግ»፣ «ሙሴ ሼፍኔ» ይባል ነበር፤ ኢልግ የስዊስ ሰው ቢሆኑም ማዕረጉ አልቀረባቸውም። እንግዲህ «ሙሴ» የሚለውን ቃል ተከትሎ የሚመጣው ስም የትኛው ነው? በፈረንሳዮቹ ሥርዓት የቤተሰብ ስም ነው። ባልደረቦቹ በዚህ ስም ሲጠሩት የሰማ የአገር ሰው ግን ይህን የግል ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በግል ስሙ ስለ ሆነ። ልጁ ይህንን ስም በአባት ስምነት ይይዛል። በአጋጣሚ የፈረንሳዩ የቤተሰብ ስም ለአንድ ትውልድ ይተርፋል፤ በልጅ ልጅ ጊዜ በአያት ስምነት ይጠቀሳል፤ በአራተኛው ትውልድ ከሦስቱ ስሞች ውጪ ይሆናል። ማንም የደበቀው ሳይኖር በሥርዓቱ አካሄድ ብቻ ይወጣል።

በቤት ውስጥ ሴትየዋ በግል ስሙ ከጠራችው ደግሞ የቤተሰቡ ስም ከመጀመሪያውም አይገባም። ልጁ የ«ሉዊ» ልጅ ይሆናል። በፈረንሳይ መዝገብ ውስጥ ሉዊ የሚባል ሰው መፈለግ ደግሞ በኢትዮጵያ ገብረ ማርያም የሚባል ሰው እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት «ስሙ ማን ነበር?» የሚለው ሳይሆን «ከሁለቱ ስሞቹ የትኛው በእናትየዋ አፍ ገባ?» የሚለው ነው።

ሦስተኛ ዕጣም አለ፤ ስም ሳይከተል «ሙሴ» ብቻ የቀረ እንደ ሆነ ነው። የወዳጄ ቤተሰብ ጉዳይ ይህ ነው። «ሙሴ» በአማርኛ የነቢዩም ስም ስለ ሆነ፣ «የሙሴ ልጅ» የሚለውን የማያውቅ ሰው ቢሰማ ሙሴ የሚባል ክርስቲያን አባት ያስባል። በእስላም ቤተሰብ መካከል ከሆነ ስሙ ወደ «ሙሳ» መጠጋቱ አይቀርም፤ ከዚያም የአባት ስም ሆኖ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። በዚህ ጊዜ የፈረንሳዊው ማዕረግ የኢትዮጵያዊ ስም ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። በባቡሩ መስመር ላይ ባሉ ከተሞች ያሉትን «ሙሴ» እና «ሙሳ» ሁሉ ወደ ፈረንሳይ መመለስ ታላቅ ስሕተት ይሆናል፤ አብዛኞቹ በነቢዩ የተሰየሙ ናቸውና። ሆኖም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከወንድሞችና ከአጎቶች ስም ጋር የማይገጥም አንድ «ሙሴ» ሲገኝ፣ ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ፈረንጅ» የሚለው ቃልም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። መነሻው ለፈረንሳይ ስሟን የሰጡት የፍራንኮች ስም ነው፤ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ ደርሶ የአውሮፓ ሰው ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ስለዚህ ሽማግሌ «ፈረንጅ ነበር» ሲሉ ግሪክ፣ አርመን፣ ኢጣሊያዊ ወይም ፈረንሳዊ ሊሆን ይችላል። በድሬዳዋና በሐዲዱ መስመር እነዚህ ሁሉ ይሠሩ እንደ ነበር ሊዘነጋ አይገባም። «ሙሴ» ደግሞ ለሁሉም የተሰጠ ማዕረግ ስለ ሆነ ብቻውን የፈረንሳዊነት ማስረጃ አይሆንም።

5. መዝገብና ዝምታው

የቃል ትውፊቱ እዚህ ላይ ሲያቆም ተመራማሪው ወደ መዝገብ ይሄዳል። ወረቀቱ በፈረንሳይ በኩል በሁለት ቦታዎች ይፈለጋል። የቅኝ ግዛቶቹ ሰነዶች በኤክስ አን ፕሮቫንስ ባለው የባሕር ማዶ ቤተ መዛግብት፣ የቈንስላና የሌጋሲዮን ሰነዶች ደግሞ በናንት ባለው የዲፕሎማሲ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ አንድን ሰው በቀላሉ ለማግኘት የቤተሰብ ስሙ ያስፈልጋል። የጎደለን ደግሞ ይኸው ነው።

በተጨማሪም በፈረንሳይ ሕግ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ የአባቱን ስም የሚያገኘው አባትየው በሕግ ፊት «ልጄ ነው» ብሎ ሲቀበለው ነው። ያልተቀበለው ልጅ በመዝገቡ የለም። በቅኝ ግዛቶች ይህ ብዙ ልጆችን ያለ ስም አስቀርቷል። በ1928 እ.ኤ.አ. በኢንዶቺን የወጣ ድንጋጌ፣ ወላጁ በሕግ ያልታወቀ ነገር ግን ከፈረንሳዊ ዘር እንደ ተወለደ የሚገመት ልጅ በፍርድ ቤት ፈረንሳዊነቱን ማስመስከር እንዲችል ፈቀደ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ልጁ የተሸከመው ስም ነበር። በዚህ አሠራር ስም ዜግነት ያስገኛል፤ ስም ያላገኘው ደግሞ ከማስረጃው አንዱ ይጎድለዋል። በእኛ ሥርዓት ያደገች የሚኤሶ ልጅ እንዲህ ላለው ክርክር የምታቀርበው «ሙሴ» የሚል ማዕረግ ብቻ ነበር።

የቤተሰብ ስም ራሱ በቅኝ ግዛት ምን ያህል ሰው ሠራሽ እንደ ነበረ ለማየት የዶክተር ቪታሊየንን አገር መመልከት ይበቃል። ባርነት በ1848 እ.ኤ.አ. ሲሻር በጓዴሎፕ ብቻ ከ80 ሺሕ በላይ ሰዎች ነጻ ወጡ። እነዚህ ሰዎች እስከዚያ ድረስ የግል ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። የመንግሥት ጸሐፊዎች «የአዲስ ነጻ ሰዎች መዝገብ» ከፍተው ለያንዳንዱ ቤተሰብ ስም አወጡ። አንዳንዱን ከቅዱሳን ስም፣ አንዳንዱን ከጥንት ታሪክ፣ አንዳንዱን የነበረውን ስም ፊደል በማገለባበጥ ፈጠሩ። ስለዚህ ዛሬ የጓዴሎፕ ሰው ዘሩን ወደ ኋላ ሲከታተል ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አንድ ጸሐፊ በአንድ ቀን ወደ ጻፈው ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አባት በስሙ ውስጥ የለም። ስም ስላልጠፋ ዘር አልጠፋም የሚለው እምነት በዚህ ቦታ አይሠራም።

በአገር ውስጥ ያለው ትልቁ ተስፋ የካቶሊክ ሚሲዮን የጥምቀት መዝገብ ነው። ይህን መዝገብ የሚያነብ ተማሪ ሦስት ነገሮችን ቢያውቅ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ስሞቹ በላቲን መልክ ሊጻፉ ስለሚችሉ እንድርያስ «አንድሬያስ»፣ ጴጥሮስ «ፔትሩስ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ የ1917 እ.ኤ.አ. ሕገ ቀኖና ቍጥር 777 ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ አባት ስም የሚጻፈው አባትየው ራሱ ሲጠይቅ ወይም በታመነ የመንግሥት ሰነድ ሲታወቅ ብቻ እንዲሆን ያዛል። አለዚያ «አባቱ ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ አጻጻፍ አባትየው በእውነት አልታወቀም ማለት አይደለም፤ አልጠየቀም ማለት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የክርስትና አባትና እናት ስም ሁልጊዜ ይመዘገባል። አባትየው ዝም ባለበት መዝገብ የሥራ ባልደረባው በክርስትና አባትነት ቆሞ እንደ ሆነ፣ ከነቤተሰብ ስሙ የሚገኘው እሱ ነው። ከእሱ ተነሥቶ ወደ ጣቢያውና ወደ ሥራ ጓዶቹ መድረስ ይቻላል።

መነኮሳቱን በተመለከተም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ካፑቺኖች ወደ ማኅበሩ ሲገቡ አዲስ ስም ይቀበሉ ነበር። የእኛ መነኵሴም በምንኵስና ስሙ ይለወጣል፤ «አባ» የሚለው ማዕረግ የሥጋ አባቱን ስም ይሸፍነዋል። ስለዚህ «አባ እገሌ» የሚል የመዝገብ ፊርማ ሲገኝ የሰውየው የልደት ስም ነው ብሎ መውሰድ አይገባም።

6. ጎሳና ሞጋሳ

እስካሁን የኢትዮጵያ ሥርዓት የቤት ስም የለውም ያልነው በወረቀት ላይ ያለውን በማየት ነው። በጨርጨር ግን ከወረቀት ውጪ ያለ የቤት ስም አለ። ኦዳ ቡልቱምን ማዕከላቸው ያደረጉት ኢቱ ኦሮሞዎች እያንዳንዳቸው ጎሳቸውን ያውቃሉ። ጎሳ በአባት በኩል ሳይለወጥ ይተላለፋል፤ ሴት ስታገባ አትለቀውም፤ በአንድ ጎሳ ውስጥ መጋባት ነውር ነው። የፈረንሳዮቹ የቤተሰብ ስም የሚሠራው ሥራ ሁሉ፣ ከዚያም በላይ፣ በጎሳ ይከናወናል። ልዩነቱ ጎሳ ከሰው ስም ጋር አለመጠራቱ ነው፤ ሲጠየቅ ብቻ ይነገራል። ልጆች የአባቶቻቸውን ስም ወደ ላይ እየቈጠሩ በቃል ይማሩታል።

እንግዲህ የባዕድ ልጅ በዚህ ቈጠራ ውስጥ የት ይገባል? መልሱ ጉዲፈቻና ሞጋሳ በሚባሉት ሥርዓቶች ውስጥ ነው። ጉዲፈቻ ልጅን እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግ ነው፤ ቃሉ በአማርኛ የሕግ ቋንቋ ሳይቀር ገብቷል። ሞጋሳ ባዕድን በጎሳ ውስጥ ማስገባት ነው። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ልዩ ትርጉም ያለው ነገር፣ «ሞጋሱ» የሚለው የኦሮምኛ ግስ «ስም ማውጣት» ማለትም መሆኑ ነው። ባዕዱ ዘመድ የሚሆነው በመሰየም ነው።

የወዳጄን አያት የወረቀት ስም በዚህ ዓይን ማየት ይገባናል። የአሳዳጊያቸው ስም እንደ ሐሰት ሊቈጠር አይችልም፤ በአገሩ ሕግ የጸና የአባትነት ውል ነው። ሰውየው ስሙን ሲሰጣቸው ጎሳውን፣ የጋብቻ ክልከላውንና ደመኛውን ሳይቀር አብሮ ሰጥቷቸዋል። ፈረንሳዊውን አገኛለሁ ብሎ ያንን ስም መፋቅ፣ የወለደውን ለማክበር ሲባል ያሳደገውን መካድ ይሆናል። ይህን ለወዳጄ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው ሁለቱንም ጻፍልኝ» አለኝ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በዘር ሐረጉ ሥዕል ላይ የአሳዳጊው ስም በሙሉ መስመር ተያይዟል፤ ከጎኑ በነጠብጣብ መስመር «ሙሴ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ ሚኤሶ» ተብሎ ተጽፏል።

7. በሕግ የመጣው የቤተ ዘመድ ስም

የፈረንሳዮቹ ሥርዓት ወደ አገራችን የገባው በጋብቻና በጉርብትና ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት የፓሪሱ የሕግ ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ በቍጥር 32 ላይ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ጽሕፈቶችም የቤተ ዘመዱ ስም መጀመሪያ እንዲጻፍ ያዛል። የአባት ስም ለብቻው መጠቀሱ አርቃቂው የአገሩን ልማድ እንዳልዘነጉ ያሳያል። ይሁን እንጂ በላዩ የተጨመረው የቤተ ዘመድ ስም በሕዝቡ ዘንድ ሳይሠራበት ቀርቷል። የክብር መዝገቦችን የሚመለከተው ክፍልም ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ለወደፊት ተላልፎ ስለ ነበር፣ ስሙን የሚያጸና መዝገብ አልነበረም። የወሳኝ ኵነቶች ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው።

ሕጉ ያልቻለውን ግን ስደት እያደረገው ነው። በፈረንሳይም ሆነ በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይሞላል። ልጆቹ እዚያ ሲወለዱ ያ ስም ይቆምና ወደ ታች መተላለፍ ይጀምራል። አንድ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ሞልቶ ከሆነ ልጆቻቸው በሁለት የቤተሰብ ስም ይጠራሉ፤ ቀደም ሲል በካናዳ ወታደሮች ያየነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ፈረንሳዮች ራሳቸው በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የእናት ስም ለልጅ እንዲተላለፍ ፈቅደዋል። እንግዲህ አንዱ ሥርዓት ሲጸና ሌላው እየላላ ነው።

8. የሚቀረው ሥራ

ከዚህ የሚከተለው ለምርምር የሚሆን ተግባራዊ ነገር ነው። በጭሮ፣ በሂርና፣ በመሰላ፣ በሚኤሶና በአሰቦት የቃል ትውፊት የሚሰበስቡ ተማሪዎች ስምን ሲመዘግቡ አራት ነገሮችን አብረው ቢጠይቁ እመክራለሁ። ሰውየው በወረቀት ማን ይባላል? በሰፈር ማን ይባላል? የክርስትና ስም ካለው ማን ነው? ጎሳው ወይም የገባበት ጎሳ የቱ ነው? የከተማውንም ስም በሁለቱ አጠራር መያዝ ይገባል፤ አሮጌውን ሰነድ «አሰበ ተፈሪ» እያለ የሚፈልግ ሰው «ጭሮ» የሚለውን አያገኝም፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። የዚህ ስም ንባብ ራሱ ሁለት ነው። የግእዙን «ዐስብ» ብንወስድ «የተፈሪ ዋጋ» ይሆናል፤ በአማርኛ ግስ ብናነበው «ተፈሪ አሰበ» ማለት ይሆናል። ፊደሉን እንደ ተጻፈ መያዝ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አሮጌው ሐዲድ በብዙ ቦታ ዝም ብሏል፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው አዲሱ ባቡር በሚኤሶ ያልፋል። በአሮጌው ጣቢያ የሠሩትን ሰዎች በስም የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ጥቂት ቀርተዋል። «ሙሴ ማን ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ የሚመልሱት በስም አይደለም፤ በምን ላይ ይሠራ እንደ ነበር፣ ቤቱ በየትኛው ዛፍ አጠገብ እንደ ነበር፣ ሲሄድ ለማን ምን ትቶ እንደ ሄደ ይናገራሉ። እንዲህ ያለውን መልስ «ስሙን አያውቁም» ብሎ መዝለል አይገባም። ሥራውንና ዓመቱን ይዞ ናንት የሚገባ ተመራማሪ ስም ብቻ ይዞ ከሚገባው የተሻለ ዕድል አለው።